ከራቤል ዥዋዥዌ እስከ ማጀቴ ርዕደ መሬት፦ የአንድ ምልልስ ታሪክ



ይህን ንግግር እንዳቀርብ ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ ስለ ፊዚክስ ትምህርት ታሪክ በጠቅላላው እንድናገር የሚፈቅድ ነበር። እኔ ግን ከሰፊው ርእስ ጠባቡን መርጫለሁ። ዛሬ የምናገረው ከዛፍ ላይ ስለ ተንጠለጠለ አንድ ገመድ ነው። በገመዱ በኩል ግን ጋሊሌዮም፣ ኒውተንም፣ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም፣ በ1953 ዓ.ም. የፈረሰችው ማጀቴም ይመጣሉ። በመጨረሻ ለማሳየት የምፈልገው ነገር አንድ ነው፦ ፊዚክስ ካለንበት ቦታ ሆነን በመቁጠርና በመለካት የምንደርስበት ዕውቀት ነው፤ ያንን መለካት ስንተው የምናጣው የፈተና ውጤት ብቻ አይደለም።

ያደግሁት በሰሜን ሸዋ፣ በግሼ ወረዳ፣ በራቤል አካባቢ ነው። አገሩ ከመንዝ በስተሰሜን የሚገኝ ከፍተኛ ደጋ ነው። ገብስና ስንዴ ይበቅልበታል፤ በግ ይረባበታል። በስተምሥራቅ ምድሩ በድንገት ይቆረጥና ወደ አንጾኪያና ወደ ኤፍራታ ይወርዳል። በመንደራችን ዳር አንድ ያረጀ ጽድ ነበር። ከአንዱ ቅርንጫፉ ላይ ገመድ አስረን፣ መቀመጫውን በጆንያ ሸፍነን ዥዋዥዌ እንጫወት ነበር። ገመዱ ከጓሳ ሣር የተገመደ ነበር። በመንዝ ጓሳ ለቤት ክዳንም ለገመድም የሚያገለግል ሣር መሆኑን የአካባቢው ልጆች ታውቃላችሁ።

አንድ ቀን ገመዱ እኔን እንደ ያዘ ተበጠሰ። የወደቅሁት በሣር ላይ ስለ ነበር ብዙም አልተጎዳሁም። ገመዱን የገመዱልን አዛውንት ጎረቤታችን መጥተው ቁራጩን አገላብጠው አዩና፣ «ገመድ ዳር ላይ ስትደርስ አይበጥስህም ልጄ፤ መካከል ላይ ስታልፍ ነው የሚበጥስህ» አሉኝ። ለእኔ ይህ የማይመስል ነገር ነበር። የሚያስፈራው ዳር ላይ፣ ከፍ ብሎ ቁልቁል ማየቱ እንጂ ታች ማለፉ አልነበረም። የተናገሩት እውነት መሆኑን በስሌት ያረጋገጥሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ፔንዱለም ስንማር፣ ቀመሩ በእንግሊዝኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጻፈ፤ እኛም ገለበጥነው። የአንድ ምልልስ ጊዜ በገመዱ ርዝመትና በስበት ኃይል ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ በክብደት ላይ ግን አለመመሥረቱን ሸመደድን። ከክፍላችን መካከል ይህ ነገር ዥዋዥዌን የሚመለከት መሆኑን የጠረጠረ አንድም ተማሪ አልነበረም። እኔም አልጠረጠርሁም። መምህራችንን አልወቅስም፤ እርሳቸውም የተማሩት እንደዚያው ነበርና። ነገር ግን የቀመሩ ታሪክ ከቀመሩ ጋር ቢነገረን ኖሮ፣ ቀመሩ ከሰሌዳው ወርዶ ወደ ጽዱ ይሄድ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀምሮ ነው። ወጣቱ ጋሊሌዮ በእ.ኤ.አ. 1583 በፒሳ ካቴድራል ውስጥ የሚወዛወዝ መቅረዝ አይቶ፣ ምልልሱን በደም ሥሩ ምት ቆጠረ ይባላል። ይህን የጻፈው ከጊዜ በኋላ ተማሪው የነበረው ቪቪያኒ ነው። የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት፤ ዛሬ ለጎብኚዎች የሚታየው መቅረዝ የተሰቀለው ከተባለው ዓመት በኋላ ነውና። እርግጠኛ ሆነን የምንይዘው ሰነድ ጋሊሌዮ በእ.ኤ.አ. 1602 ለጒዶባልዶ ዴል ሞንቴ የጻፈውን ደብዳቤ ነው። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ምልልሱ ሰፊም ይሁን ጠባብ የሚፈጀው ጊዜ እኩል ነው ብሎ ይከራከራል። ትውፊቱ እውነት ሆነም አልሆነ፣ የምንማርበት ቁም ነገር አለው። በማዕጠንት መወዛወዝ ውስጥ ያደግን ሰዎች እንቅስቃሴውን ከእርሱ አሳንሰን አላየንም። ልዩነቱ ያለው በማየቱ ላይ ሳይሆን በመቁጠሩ ላይ ነው።

መቁጠርስ ለእኛ እንግዳ ነበርን? አልነበረም። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ አንዱ ኬክሮስ በ60 ካልዒት፣ አንዱ ካልዒትም በ60 ሣልሲት። በዛሬው አቆጣጠር ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሴኮንድ፣ ሣልሲት ደግሞ 0.4 ሴኮንድ ይሆናል ማለት ነው። ሊቃውንቱ ጊዜን ከዐይን ጥቅሻ እስከማይበልጥ ክፍል ድረስ በአሳብ ከፍለውታል። ይህ ክፍፍል ግን በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት የሚያገለግል የስሌት ክፍፍል ነው። የዕለቱን ሰዓት ለማወቅ የሚለካው በጫማ የሚሰፈር ጥላ ነበር፤ ጥላ ደግሞ ሣልሲትን አያሳይም። ሣልሲትን የሚያሳይ ነገር በመንደራችን ጽድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ዥዋዥዌ ሄዶ ለመመለስ 4 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህም 10 ሣልሲት ነው። ገመዱን ወደ 1 ሜትር ብታሳጥሩት ጊዜው ወደ ሩብ ሳይሆን ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ 2 ሴኮንድ ይሆናል። ርዝመቱ በአራት ሲከፈል ጊዜው በሁለት ይከፈላል የሚለውን የካሬ ሥር ሕግ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በሁለት ገመድና በአንድ የእጅ ሰዓት ሊደርስበት ይችላል።

ጋሊሌዮ ግን በአንድ ነገር ተሳስቶ ነበር፤ ስሕተቱንም ዥዋዥዌው ራሱ ያጋልጠዋል። በዚያው የ4 ሜትር ገመድ ላይ ሕፃኑ በጥቂቱ ሲወዛወዝ 10 ምልልስ 40 ሴኮንድ ይፈጃል። መቀመጫው ከዝቅተኛው ቦታ 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ እስኪል ድረስ በብርቱ ሲወዛወዝ ግን ጊዜው 41 ሴኮንድ ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ አለ ግን። ክርስቲያን ኸይኸንስ በእ.ኤ.አ. 1656 የመጀመሪያውን የፔንዱለም ሰዓት የሠራ ሲሆን፣ በ1673 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ምልልሱ በእውነት እኩል የሚሆነው ፔንዱለሙ በክብ ቅስት ላይ ሳይሆን ሳይክሎይድ በሚባል ሌላ ዓይነት ቅስት ላይ ሲጓዝ መሆኑን አረጋገጠ።

ስለ ክብደትስ? ልጆች ሳለን ወፍራሙ ልጅ ቶሎ ይመላለሳል ብለን እንከራከር ነበር፤ ቆጥረን ግን አናውቅም። ኒውተን በእ.ኤ.አ. 1687 በታተመው «ፕሪንኪፒያ» ውስጥ ይህንኑ ጥያቄ እንዴት እንደ ፈተነ ይነግረናል። ሁለት እኩል የእንጨት ሣጥኖችን በ11 ጫማ ገመድ አንጠለጠለ፤ ይህም 3 ሜትር ከ35 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከእኛ ዥዋዥዌ ብዙም የማያንስ ነው። አንዱን ሣጥን በእንጨት ሞላው፤ በሌላው ውስጥ በየተራ ወርቅ፣ ብር፣ እርሳስ፣ ብርጭቆ፣ አሸዋ፣ ጨው፣ ውኃና ስንዴ እየጨመረ ጎን ለጎን አወዛወዛቸው። ሁለቱ ሣጥኖች ለረጅም ጊዜ አብረው ሄደው አብረው ተመለሱ። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ስንዴው ላይ እቆማለሁ። የዘመናዊ ፊዚክስ መሠረት ከሆኑት ፈተናዎች በአንዱ ውስጥ የገባው እህል በራቤል ማሳ ላይ የሚበቅለው እህል ነው። ለዚያ ፈተና የሚያስፈልጉት ሁለት ሣጥን፣ ገመድና ትዕግሥት ሲሆኑ፣ ሦስቱም በአገራችን አልጠፉም።

አሁን ወደ ቦታ ጉዳይ ልምጣ። በእ.ኤ.አ. 1672 ፈረንሳዊው የከዋክብት ተመራማሪ ዣን ሪሼ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ ካየን ተላከ። በፓሪስ በትክክል ይሠራ የነበረ የፔንዱለም ሰዓት ካየን ሲደርስ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ይቀር ጀመር። ሪሼ ሰዓቱ ተበላሸ ብሎ አልጣለውም፤ በየሳምንቱ እየለካ ፔንዱለሙን አሳጠረው። ኒውተን ይህን ልኬት ምድር በወገብዋ ያበጠች መሆንዋን ከሚያሳዩ ማስረጃዎች አንዱ አድርጎ ተጠቀመበት። ቆይቶም በእ.ኤ.አ. 1735 ወደ ኪቶ ተራሮች የዘመተው የፒየር ቡጌ ቡድን ከባሕር ጠረፍ እስከ ተራራ ራስ ድረስ በፔንዱለም እየለካ፣ ከፍ ባለ ቦታ ስበት እንደሚቀንስ አሳየ።

ሁለቱም ምክንያቶች በእኛ ደጋ ላይ ይገናኛሉ። ራቤል ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ ከፍ ብላም ተቀምጣለች። የመማሪያ መጽሐፍ ስበትን 9.8 ወይም 9.81 ይለዋል። በ10ኛው ዲግሪ አካባቢ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላለው የመንዝ ደጋ ሳሰላው የማገኘው ከ9.77 እስከ 9.78 ነው። ከፓሪስ የመጣ የፔንዱለም ሰዓት በዚያ ደጋ ላይ ቢሰቀል በቀን ከ2 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሪሼን ካስገረመው ጋር የተቀራረበ ነው። ይህን ለመለየት ዥዋዥዌ በቂ አይደለም፤ ገመዱ ይለጠጣል፣ ልጁም ይንቀሳቀሳል። 1 ሜትር ክርና ከባድ ጠጠር ግን ይበቃሉ። ምልልሱን ጠባብ አድርጎ 500 ጊዜ የቆጠረ ተማሪ፣ ፓሪስ ላይ ከሚቆጥር ጓደኛው ከአንድ ሴኮንድ ተኩል በላይ ዘግይቶ ይጨርሳል። ሥራው የ17 ደቂቃ ነው። በ17 ደቂቃ ውስጥ ያ ተማሪ በመጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የሌላ አገር ቁጥር መሆኑን፣ የራሱ አገርም የራስዋ ቁጥር እንዳላት ያውቃል።

ወደ ተበጠሰው ገመድ እንመለስ። ጋሊሌዮ በእ.ኤ.አ. 1638 በታተመው የመጨረሻ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ፔንዱለም ክሩ መንገድ ላይ በምስማር ቢያዝም እንኳ ወደ ተነሣበት ከፍታ ተመልሶ እንደሚወጣ ጽፎአል። እኛም ገመዱ ከታችኛው ቅርንጫፍ ጋር ሲጠላለፍ ይህን እናይ ነበር። ኸይኸንስ ነገሩን ወደ አጠቃላይ ሕግ አሳደገው። ላይብኒትዝ ከእ.ኤ.አ. 1686 ጀምሮ፣ ከእርሱም በኋላ ኤሚሊ ዱ ሻትሌ በ1740 በታተመው መጽሐፍዋ፣ በከፍታ የሚገኘውና በከፍታ የሚመለሰው ነገር ከፍጥነት ካሬ ጋር የሚሄድ መሆኑን ተከራከሩ። ዛሬ እምቅ ጉልበትና እንቅስቃሴያዊ ጉልበት የምንላቸው ሁለቱ ገጾች ከዚህ ክርክር የመጡ ናቸው። ዳር ላይ ሁሉም ጉልበት እምቅ ነው፤ ታች ላይ ሁሉም እንቅስቃሴ ነው። ከ80 ሳንቲ ሜትር የወረደ ልጅ ታች ሲደርስ በሴኮንድ 4 ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚያች ቅጽበት ገመዱ ልጁን መሸከም ብቻ ሳይሆን መንገዱን ወደ ላይ ማጠፍም አለበት፤ ስለዚህ 30 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ 42 ኪሎ ያህል ሆኖ ይከብደዋል። ዳር ላይ ግን ከራሱ ክብደትም ያነሰ ነው። አዛውንቱ ትክክል ነበሩ። ቀመር አልነበራቸውም፤ የተበጠሱ ገመዶችን ግን በብዛት አይተዋል፤ ያዩትንም አልረሱም።

ሌላም ጥያቄ አለ። ጉልበት የማይፈጠር ከሆነ፣ ማንም ሳይገፋው ዥዋዥዌውን ከፍ የሚያደርግ ልጅ ጭማሪውን ከየት ያመጣል? ቆሞ የሚወዛወዘውን ልጅ ተመልከቱት። ዳር ላይ ይቀመጣል፤ ታች ሲያልፍ ብድግ ይላል። ብድግ የሚለው ገመዱ እጅግ በሚከብድበት ቦታ ስለ ሆነ በእግሮቹ ተጨማሪ ሥራ ይሠራል፤ ያ ሥራ ወደ ከፍታ ይለወጣል። ጭማሪው የመጣው ከበላው ገብስ ነው። በስፔን፣ በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ካቴድራል ውስጥ ያለውን ግዙፍ ማዕጠንት ስምንት ሰዎች የሚያወዛውዙት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ታች ሲያልፍ ገመዱን ይስባሉ፣ ዳር ሲደርስ ይለቁታል። ይህ ዘዴ ግን ፍጹም ቆሞ ያለውን ዥዋዥዌ አያስነሣም፤ መጀመሪያ ትንሽ ግፊት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ብርታት ሳይሆን ጊዜን መጠበቅ ነው። ታናሽ እኅት ታላቅ ወንድምዋን በአንድ ጣት ከፍ ልታደርገው ትችላለች፤ የምትገፋው በምልልሱ ልክ ከሆነ። የፊዚክስ ሰዎች ይህን ሬዞናንስ ይሉታል።

ሬዞናንስ ላይ ስንደርስ ጨዋታው ያበቃል። ከራቤል በስተምሥራቅ ከደጋው ግርጌ ማጀቴና ካራቆሬ አሉ። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ያን አካባቢ መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት መታው። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራቆሬ ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ መሬት ተሰነጠቀ፤ ንውጽውጽታውም ለወራት ቀጠለ። አያቴ ይህን ስታስታውስ መጀመሪያ የምትናገረው ስለ ቤቱ አይደለም፤ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ማንም ሳይነካው ይወዛወዝ ስለ ነበረው ቅል ነው። እርስዋ ሳታውቀው የነገረችኝ የርዕደ መሬት መለኪያ መሣሪያን አሠራር ነበር። መሬትና ቤት ሲንቀሳቀሱ የተንጠለጠለው ከባድ ነገር ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይመዘገባል። ዝግተኛ የሆኑትን ማዕበሎች ለመመዝገብ ግን ዝግተኛ ፔንዱለም ያስፈልጋል። በ20 ሴኮንድ የሚመላለስ ዥዋዥዌ ለመስቀል ወደ 100 ሜትር የሚጠጋ ገመድ ይጠይቃል። መሐንዲሶች ችግሩን የፈቱት ፔንዱለሙን እንደ አጥር በር በአግድም በማንጠልጠልና ማጠፊያውን በጥቂቱ በማዘንበል ነው።

በአገራችን ይህ ሥራ የተጀመረው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዘመን፣ በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ በተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ነው። መሪው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። እርሳቸው የ1953ቱን ጥፋት ያጠኑት በመሣሪያ ብቻ አልነበረም፤ የፈረሱትን ቤቶችና የተሰነጠቀውን መሬት፣ የሰውንም ምስክርነት መርምረዋል። በእ.ኤ.አ. 1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ ውስጥ ከዜና መዋዕሎችና ከተጓዦች ማስታወሻ የተሰበሰበ ማስረጃ ከመሣሪያ ንባብ ጋር ጎን ለጎን ቆሞአል። ለታሪክ ተማሪዎች ይህን መጽሐፍ ሁልጊዜ የምጠቅሰው፣ የቅሉን ምስክርነትና የፔንዱለሙን መስመር የሚያዳምጥ አንድ ዓይነት ጆሮ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ተከታታይ ርዕደ መሬት በደረሰ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ በረጃጅም ሕንፃዎች ላይ የነበሩ ሰዎች ንዝረቱን በብርቱ ሲሰሙት፣ ምድር ላይ የነበሩ ብዙዎች ሳይሰማቸው አልፎአል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተአምር ተናገረው። ዥዋዥዌን የቆጠረ ሰው ግን ይረዳዋል። ሕንፃም የራሱ ምልልስ አለው፤ በግምት ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ ዐሥረኛ ሴኮንድ ብንይዝ፣ የ10 ፎቅ ሕንፃ በ1 ሴኮንድ ገደማ ይመላለሳል። ከሩቅ የሚደርሰው ዝግተኛ ማዕበል ጎጆውን ትቶ ፎቁን በምልልሱ ልክ ይገፋዋል። ታናሽ እኅት ወንድምዋን እንደ ገፋችው ማለት ነው። ከተሞቻችን ወደ ላይ እያደጉ ባሉበት በዚህ ጊዜ፣ ይህን የሚያውቅ መሐንዲስ፣ ይህን የሚጠይቅ የቤት ገዢ፣ ይህን የሚያስረዳ መምህር ያስፈልጉናል። እነዚህ ሰዎች ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ዥዋዥዌ እየተጫወቱ ናቸው።

ስለዚህ ለዛሬ ተማሪዎቼ፣ ነገ በየወረዳው ለምትመደቡ መምህራን፣ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ቀመሩን ከመጻፋችሁ በፊት ልጆቹን ወደ ግቢው አውጡአቸው። 10 ምልልስ ያስቆጥሩ፤ ገመዱን ያሳጥሩ፤ ወፍራሙንና ቀጭኑን ያፈራርቁ። ከዚያ ክርና ጠጠር ሰጥታችሁ የቀበሌያቸውን ስበት ያስለኩአቸው፤ ያገኙትን ቁጥር ከዓመት ዓመት በአንድ መዝገብ ላይ ያስፍሩት። የመጀመሪያው ዓመት ልኬት ስሕተት ይበዛበታል። ሪሼም አንድ ጊዜ ለክቶ አላበቃም፤ በየሳምንቱ ደግሞ ደጋግሞ ለካ። ልኬቱ ሲለያይ ለምን ተለያየ ብለው ይከራከሩ፤ ክርክሩ ራሱ ትምህርቱ ነው። ይህንንም በሚናገሩበት ቋንቋ ያድርጉት። ምልልስ፣ ከፍታ፣ ክብደት፣ ጉልበት የሚሉት ቃላት ከእንግሊዝኛው ቀድመው ቢመጡ ከእንግሊዝኛው ጋር አይጣሉም።

ባለፈው ወደ ራቤል በሄድሁ ጊዜ ጽዱ አልነበረም፤ ተቆርጦአል። ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ግን ልጆች በባሕር ዛፍ ላይ የናይለን ገመድ ሰቅለው ይጫወቱ ነበር። አንዲት ልጅ ተራዋን እየጠበቀች ነበርና ሰዓቴን ሰጥቻት 10 ምልልስ እንድትቆጥር ለመንኋት። ሠላሳ ስድስት አለችኝ። ገመዱ ስንት ሜትር ይሆን ብዬ በአሳቤ ማስላት ጀመርሁ፤ ከ3 ሜትር ይበልጥ ነበር። እርስዋ ግን እኔን አልጠበቀችኝም። ሰዓቱን እንደ ያዘች ወደ ሌላው ልጅ ዞራ፣ «አንተ ውረድ፤ አሁን እሱን ልቁጠረው» አለች።